ስለ ሰደፍ ልብስ አመራረጥ

ኮርቻና ልጓም፣ ዝናርና የጩቤ አፎት ከሚሰፋ ሰው ደጃፍ ቆሞ የሚመለከት መንገደኛ፣ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የቆዳ ሥራዎች መካከል የልጅ እጅጌ የምትመስል አንዲት ነገር ሊያይ ይችላል። አንደኛው ጫፏ ሰፋ፣ ሁለተኛው ጠበብ ያለ ነው፤ በሆዷ በኩል ግራና ቀኝ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉባት፤ በቀዳዳዎቹም ቀጭን ጠፍር ይተላለፍባቸዋል። ይህች የጠመንጃ ሰደፍ ልብስ ናት። እንደ ቀበቶ ከተሰቀለችበት ተመርጣ አትገዛም፤ የአንዱ ሰደፍ ከሌላው ጋራ ስለማይተካከል ባለቤቱ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ያስለካል፣ ቆዳውን ይመርጣል፣ ቀለሙን ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ያሰፋል።

ነገሩ ትንሽ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ፣ ወዲያም እስከ ቦንጋ ድረስ፣ ቡናው ተለቅሞ ተሸጦ ገንዘብ ከእጅ በሚገባበት ወራት፣ ሰው ምን እንደሚያከብርና ምን እንደሚንቅ ለማወቅ የሚፈልግ ቢኖር ይህችን የቆዳ እጅጌ ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኝባታል። እኔም የምነቅፈው የሰፊዎቹን እጅ ሳይሆን የአሰፊዎቹን ዓይን ነው። ከነዚህም መካከል አንድ ጊዜ በክፉ ምክር የገባሁበት ስለ ሆነ ራሴን ከነቀፋው አላወጣም።

በድሮው ዘመን ቆዳ የጦረኛውን አካል ይጠብቅ ነበር። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከበሬ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ የታላላቆቹም ጋሻ በብር እየተለበጠ ጀግና ይሸለምበት ነበር። በኋላ ግን ጥይት መጣና ጋሻ የሚመክት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የክብር ጌጥ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ከፈረንጅ ነጋዴዎች ጠመንጃ በብዛት ይገዙ በነበረበት ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ሸዋ ከደረሰው የጠመንጃ ቅፍለት የአንዱ ባለቤት፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነበር። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ የእኛም ሰው በአፉ እንደ መጣለት «ውጅግራ» ብሎ የሰየመው፣ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት አንድ አንድ ጊዜ የሚጎርሰው ጠመንጃ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከዋሉት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጅግ አገር መጥቶ በአገሩ ስም የተጠራው መውዜር አምስት ጥይት እየጎረሰ ገባ። እስከ ዛሬም ድረስ ሽማግሌዎች «ቤልጅግ» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል።

እንግዲህ ቆዳው ከሰው ክንድ ወርዶ በእንጨት ላይ የወጣው በዚህ ዘመን መሆን አለበት። ቀድሞ ቆዳ ሰውን ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ግን የሰውን ጠባቂ ይጠብቅ ጀመር። በዚህ አገር ደግሞ የነገሩ ትርጉም የተለየ ነው። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን በወረረ ጊዜ የከፋ ሰው አብዛኛው የተዋጋው በጦርና በጋሻ ነበር፤ መጨረሻውም የታወቀ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ግን አስቀድመው ለዐፄ ምኒልክ ገብረው ስለ ነበር አገራቸውን ከዚያ ዕጣ አድነው ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህን ሁሉ ያየ አገር ጠመንጃን እንደ ሰው ማልበሱ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስደንቀው አለባበሱ ነው።

የሰደፍ ልብስ ለምን ይለበሳል? እንጨቱ ከኮርቻ ጋራ ሲፋተግ፣ በቡና ዛፍ መካከል ሲታለፍም በቅርንጫፍና በእሾህ ሲጫር እንዳይቈስል፤ በብርድ ማለዳ ጉንጭ ሲያስደግፉበት እንዳይቀዘቅዝ፤ ከተረከዙ በኩል ከውስጥ ሱፍ ተነጥፎበት እንደ ሆነም ርግጫውን ለትከሻ እንዲያለዝብ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽር ያለበት ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ መነጽሩ ከብረቱ ማነጣጠሪያ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ጉንጭ መደገፊያ አጥቶ በአየር ላይ እንዳይቀር ልብሱ በላይ በኩል ወፈር ተደርጎ ይሰፋል። በውጭ አገር አዳኞች በልክ ከሚያሰፉበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። በእኛ አገር ግን ጠመንጃው አብዛኛውን ጊዜ በብረቱ ማነጣጠሪያ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የላዩን ቆዳ ያለ ልክ ማወፈር ዓይንን ከማነጣጠሪያው በላይ ያነሣዋል። አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ አሰፍቶ፣ ከዚያ በኋላ አንገቱን ሲያጣምም፣ ግንባሩን ሲደፋ፣ ጉንጩን ሲያንሸራትት አይቻለሁ። ልብሱ አምሮበት ነበር፤ ዒላማውን ግን አያየውም። ተረከዙም ላይ ወፍራም ነገር መጨመር ሰደፉን ያስረዝመዋል፤ ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ይህን ሳያስብ ቢያስጨምር እጁ ከምላጩ ጋራ ይጣላበታል። ሱፍ የሌለበት ቆዳ ብቻውን ደግሞ ርግጫን አይቀንስም፤ ይቀንሳል የሚሉት ሻጮች ናቸው።

ጠጉር ያለው ቆዳ የሚወድም አለ። ነብር ወይም ጉሬዛ የለበሰ ሰደፍ በሩቁ የጀግና ይመስላል። የነብር ቆዳ ንግድ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. ከገባችበት፣ ለመጥፋት የተቃረቡትን አራዊት ንግድ ከሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጋራ የሚጣላ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና፣ ጠጉር ውሃ እንደሚይዝ ግን እንዴት ይረሳል? በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ ሳይወሰን ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይረዝማል። በእንዲህ ያለ አገር ቆዳን በእንጨት ላይ አስሮ መተው እርጥብ ኩታ ለብሶ እንደ መተኛት ነው። ቆዳው ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ አይደርቅም፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ብሎኑም ይዝጋል።

ስለዚህ በሚስማር የተመታ ወይም በሙጫ የተጣበቀ ልብስ ምንም ያህል ቢያምር መጥፎ ልብስ ነው፤ ሊወልቅ አይችልምና። የነሐስ ሚስማሮቹ በሰደፉ ዙሪያ ተሰልፈው ሲያበሩ ዓይንን ደስ ያሰኛሉ፤ እያንዳንዱ ሚስማር ግን ለእንጨቱ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። በጠፍር የሚታሰረው ልብስ በየሳምንቱ ይፈታል፣ በጥላ ይሰጣል፣ እንጨቱ በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል። ማሰሪያውም በሆድ በኩል እንጂ ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል መዋል የለበትም። ይህን ለማስረዳት ጉንጩ የተላጠ ሰው ማየት ይበቃል።

በልብሱ ላይ በቆዳ ቀለበት ጥይት መሰካትንም ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔም በወጣትነቴ እወደው ነበር። ለአንድ ቀን መንገድ መልካም ነው። ወር ሙሉ ከተተወ ግን ቀለሃው ነሐስ ስለ ሆነ፣ ቆዳውም ከተሠራበት ልጥ ወይም ጨው አንድ ነገር ይዞ ስለሚቀር፣ እርጥበት ሲጨመርበት አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። እንዲህ ያለው ጥይት ከገባ በኋላ አልወጣም ብሎ ባለቤቱን የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ።

ስለ ቆዳው ዓይነት ጥቂት ልጨምር። የፍየል ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ባሕር ዐረብ ሆኖ ቀይ ቀለም ሲገባ ደግሞ ከርሱ የሚያምር የለም፤ ለመጽሐፍ ገበታ ልብስ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ከማኅደሩ ውስጥ ይኖራል፤ ጠመንጃ ግን ጭቃ ላይ ይቆማል። ለሰደፍ የሚበጀው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የበሬ ወይም የላም ቆዳ፣ በዛፍ ልጥ የለፋው ነው። ይህን ቆዳ ውሃ አርሰው በሰደፉ ላይ ወጥረው ቀስ ብለው ሲያደርቁት የእንጨቱን ቅርጽ ይይዛል፤ ከፋብሪካ በክሮም የሚወጣው ለስላሳ ቆዳ ግን እንዲህ አይታዘዝም። ያልለፋ ጥሬ ቆዳም አለ፤ እርጥብ ሆኖ ተሰፍቶ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጨብጣል። በደረቅ አገር ይመሰገናል፤ በጅማ ሐምሌ ግን እንደ ገና ይላላል። ቆዳ መስሎ በገበያ የሚዞረውን ፕላስቲክ አልነቅፈውም፤ ለመነቀፍም መጀመሪያ ቆዳ መሆን ያስፈልጋል።

ቅባቱን በሚመለከት፣ ቅቤ የሚቀባ ሰው አይጥ ይጠራል። ዘይትም ሲበዛ እንጨቱን ያለሰልሰዋል። ሰም ግን ከደጃችን አለ። ይህ አገር የቡና ብቻ ሳይሆን የማርም አገር ነው፤ በየጫካው ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ምስክር ነው። የማር ሰም በጥቂት ዘይት አቅልጦ በስሱ ያሸ ሰው ልብሱን ከርሱ ለሚበልጥ ዕድሜ ያተርፈዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁትን ሁሉ ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን በወቅቱ ተማሪያቸው መሆኔን አላወቅሁም ነበር። በአጋሮ ዳርቻ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ፋቂ ነበሩ፤ እርሳቸውም ሲያለፉ ኖረው በኋላ ወደ ስፌቱ ዞሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በቋንቋችን ቆዳም ይለፋል፣ ሰውም ይለፋል፤ ሁለቱንም አንድ ቃል ይዟቸዋል። የለፋውን ቆዳ ግን ከጉንጫችን ጋራ እናገናኘዋለን፤ ያለፋውን ሰው ደግሞ ከደጅ እናቆመዋለን። እኚህ ሰው በሰፈሩ ቡና ሲፈላ ከመድረኩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ የሚቀዳላቸውም አፉ በተሸረፈ፣ ለብቻው በተቀመጠ ስኒ ነበር። ያን ስኒ ሌላ ሰው አይጠጣበትም። በከፋ ማንጆ የተባሉት ወገኖች የኖሩበትን መለየት የሚያውቅ ሰው ነገሩ የአንድ ሰፈር ጉድ እንዳልሆነ ይረዳል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስኒው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከመደርደሪያው አልወረደም ነበር።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ባለ ቡና ነበር፤ ሲሞት ቤልጅጉን ለታላቁ ልጁ ተወለት። ልጁም እንደ ሕጉ ፈቃዱን በስሙ አዛወረ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ይህን የማያደርግ ሰው ውርሱን ለወንጀል እንደሚለውጠው ያውቅ ነበር። በዚህስ አልነቅፈውም። ለጥር ሰርጉ ጠመንጃውን አዲስ ልብስ ሊያለብስ ፈልጎ «ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» ስላለኝ ከሽማግሌው ዘንድ አብረን ሄድን።

«አንተ፣ ይኸን አሮጌ ጣልና በቀይ ስፋው፤ ዳር ዳሩን ነሐስ ምታበት» አለ።

ልጁ ያን ጊዜ 25 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሽማግሌው ከ70 ዓመት አያንሱም። የርሳቸውን ዕድሜ የሚያህል ሌላ ሰው ቢሆን «አባቴ» ባለው ነበር። ጆሮዬን አልኮሰኮሰውም፤ እኔም «አንተ» እላቸው ነበርና።

ሽማግሌው ዝም ብለው ጠፍሩን ፈቱ። አሮጌው ልብስ ራሳቸው ለሟቹ የሰፉት ነበር። በቀኙ በኩል፣ ወዳጄ ጉንጩን ለብዙ ዓመት ባሳረፈበት ቦታ፣ ቆዳው ጐድጐድ ብሎ ጠቁሯል። ልብሱ ሲወልቅ ከሰደፉ አንገት ላይ አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ታየ። ሽማግሌው ጥፍራቸውን አስገቡበትና ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዞሩ።

«ጌታው፣ ይህ አናጢ ይፈልጋል። አባትዎ ከታመሙ ወዲህ ፈትቶ ያደረቀው የለም። ቆዳ አጥንት አይጠግንም፤ መጀመሪያ እንጨቱ ይበጅና ከዚያ እሰፋዋለሁ።»

«እኔ ያዘዝሁህ ልብስ ነው።»

«እንዲህ እንዳለ ካለበስሁት ስንጥቁን መደበቄ ነው። አልሰፋም።»

ልጁ ፋቂ ሊመክረኝ ነው ወይ ብሎ ተቈጥቶ ወጣ። እኔም በመንገድ ላይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፣ ለአንዲት ስንጥቅ ሰርግህን አታሳልፍ። በጅማ የማውቀው ቤት አለ፤ በሁለት ቀን ይጨርሱልሃል።» ያን ያልሁት ስንጥቁን ስላላየሁ አልነበረም። አይቼዋለሁ። ያን ያልሁት ወጣቱ ፊት ሽማግሌው የኔን ዕውቀት ስለ ተሻሙብኝ ነው። ሰው በሚንቀው ሰው ሲታረም ከእውነቱ ይልቅ ንቀቱን ማዳን ይመርጣል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በጅማው ቤት ማንም ሰደፉን አገላብጦ አላየም። ለኩት፣ ቀይ ባሕር ዐረብ አሳዩት፣ በሁለተኛው ቀንም በሙጫ አጣብቀው፣ በነሐስ ሚስማር ዙሪያውን መትተው ሰጡት። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምር ነበር። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የበሰለ ነበር፤ በሰርጉም ቀን ያላደነቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ሳስበው ከሚስማሮቹ ሦስቱ የተመቱት በስንጥቁ መስመር ላይ ነው።

በሰኔ ወር በቡናው ሥር ካለው በቆሎ ከርከሮ ገብቶ ኖሮ ልጁ ሌሊት ወጥቶ አንድ ጥይት ተኰሰ። ሰደፉ ከአንገቱ ላይ ተሰበረ። የተሰነጠቀው እንጨት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ገብቶ እጁን ሰነጠቀው። ቈስሎ ዳነ፤ አውራ ጣቱ ግን ዛሬም ደኅና አድርጎ አይጨብጥም። ቡና ሲለቅም ያስቸግረዋል።

ከዚህ የባሰው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። «ፋቂው ዓይኑን ጥሎበት ነው፤ አልሰፋም ብሎ ሲያዞረው አላያችሁምን?» የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነሣ። የእጅ ሥራ የሚያውቅን ሰው ሁሉ በቡዳነት መጠርጠር የቆየ ክፉ ልማዳችን ነው። ስንጥቁን አይቶ የተናገረው ዓይን ስንጥቁን ያመጣው ዓይን ተባለ። ኮርቻ የሚያሰፉ ሰዎች ወደ ሌላ ሄዱ፤ እናቶች በደጃፋቸው ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት ሸፈኑ፤ የተሸረፈችውም ስኒ እንኳ መቅረቧ ቀረ። ሽማግሌው ለማንም አንዳች አልመለሱም። ምስክር እንዳላቸው ያውቁ ነበር፤ ምስክሩም እኔ ነበርሁ።

ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ይህን ቍጥር የጻፍሁት ለማሳመር አይደለም፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ስለማስታውሳቸው ነው። በነዚያ ቀኖች በየማለዳው ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየማታውም ልጁ ገና ሕመምተኛ ነው፣ ይቈይ እላለሁ። በመጨረሻ የቍስሉን ጠያቂዎች በተሰበሰቡበት፣ የተሰበረውን ሰደፍ አስመጥቼ ቀዩን ባሕር ዐረብ በቢላዋ ቀደድሁት። ከሥሩ ያለው እንጨት ግማሹ አዲስ ስብራት ስለ ሆነ ነጭ ነበር፤ ግማሹ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት የተሰነጠቀ ስለ ሆነ ጥቁር ነበር። አናጢ ላልሆነ ሰው እንኳ ይነበባል። ሽማግሌው ያሉትንም፣ እኔ በመንገድ ላይ ያልሁትንም ተናገርሁ። ጥቂቶቹ አመኑ፤ አንዲት ሴት «ታዲያ ቡዳ ባይሆን እንዴት ዐወቀው?» አለች። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰላት የለም፤ ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት እንጨትና ቆዳ የዳሰሰ እጅ እንዴት እንደሚያውቅ ለማስረዳት ብሞክርም አልተዋጠላትም።

ልጁ ምንም አላለም። ከመስከረም በኋላ ግን፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ በጅማ አናጢ ዘንድ ከዋንዛ እንጨት አዲስ ሰደፍ አስቀርጾ መጣና «ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ሽማግሌው አሮጌውን ልብስ አልጣሉትም ነበር፤ ሰም ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ውሃ አራሱት፣ ከአዲሱ እንጨት ላይ ወጠሩት፣ የማይደርስበትን በኩል አንድ ቁራጭ ጨመሩበት፣ ከዚያም «ሦስት ቀን በጥላ ይድረቅ» ብለው አቆዩት። በአራተኛው ቀን ስንመጣ ልብሱ ከእንጨቱ ጋራ አንድ ሆኖ ነበር። የአባቱ ጉንጭ የጐደጐደው ቦታ ግን አልተቃናም። ልጁ አነሣው፣ ጉንጩን አሳረፈበት፣ ጥቂት ቈየ። ቁመቱ ልክ ነበር። ቀይ የለበትም፣ ነሐስ የለበትም፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው ጠመንጃው ልብስ መልበሱን እንኳ አያውቅም። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሰደፍ ልብሶች ሁሉ አንደኛ የምለው ይህን ነው፤ የምለውም ከታሪኩ የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ስፌቱ ከሆዱ ላይ አሥራ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሆኖ፣ ሲታሰር አንድም ቦታ ሳይጨማደድ ስለሚቀመጥ ነው።

«ስንት ነው የሚከፈለው?» አለ ልጁ።

በአማርኛ «አንተ»ም «እርስዎ»ም ሳይሉ ሰውን ማናገር ቀላል አይደለም፤ እርሱ ግን ቻለበት። ሽማግሌው ዋጋውን ነገሩት። ያለ ክርክር ከፈለ፤ የሰሙንም ቁራጭ ጨምረው ሰጡት። በዚያ ሰዓት ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ኖሮ ስኒውን ደርድረው ቍጭ በሉ አሉን። እኔ ተቀመጥሁ። ልጁ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ፀሐዩን ተመልክቶ፣ ለቃሚዎች ይጠብቁኛል ብሎ ሄደ።